አልለቅ ያለ ሳል በወለጋ ጓዳዎች

ባለፈው ክረምት ነቀምቴ፣ አዳዳ ቤት ሰንብቼ ነበር። አዳዳ የአባቴ እህት ናቸው፤ ወለጋ ውስጥ የአባትን እህት የምንጠራት እንዲህ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ያመሽና ጋብ ሲል ሳላቸው ከወዲያኛው ክፍል ይሰማኛል። ደረቅ ሳል ነው፣ አክታ የለውም። ጉሮሯቸውን ይከረክራቸዋል፣ ተነሥተው ተቀምጠው እስኪያልፍላቸው ይጠብቃሉ፣ ትንሽ ሸለብ ያደርጋቸዋል፣ ደግሞ ይቀሰቅሳቸዋል። ጠዋት «አዳዳ፣ እንዴት አደሩ?» ስላቸው «ቁፋው መች አስተኝቶኝ፣ ልጄ» ይሉኛል። ቁፋ በኦሮምኛ ሳል ነው። ሦስተኛ ወሩን ይዞ ነበር።

በነዚያ ወራት ቤቱ ያልገባ መድኃኒት የለም። ሳል የያዘው ሰው ዘንድ ባዶ እጁን የሚመጣ ጎረቤት የለምና። አንዷ ዝንጅብል ይዛ ትመጣለች፣ ሌላዋ ከጓሮዋ የቀነጠሰችውን ዳማከሴ። ከጊምቢ የመጣ ዘመድ አንድ ኪሎ ማር አመጣ። የእድር ጓደኛቸው ቀበሪቾ ቋጥረው መጡ። የጎረቤት ልጅ ደግሞ ከፋርማሲ ሽሮፕ ገዝቶ አደረሰ። እኔም የመጣውን ሁሉ እያየሁ ይህ በእርግጥ ይረዳል ወይ፣ የሚረዳስ እንዴት ነው፣ ለማንስ አይሆንም እያልኩ ማጠያየቅና ማንበብ ጀመርኩ። ነገሩ የነቀምቴ ብቻ አይደለም። ብርዱ የሚጠናባት ሻምቡም፣ ነጆም፣ ጊምቢም፣ ደምቢ ዶሎም ብትሄዱ ለሳል የሚቀርበው ያው ነው።

የደረስኩበትን አስቀድሜ ልናገር። ጓዳችን ውስጥ ያለው ነገር ሳልን ያስታግሣል፤ የብዙ ሰው ሳል ደግሞ ከዚያ በላይ አይፈልግም። ነገር ግን ማሩም ሆነ ቅጠሉ ሳሉ ከምን እንደመጣ አይነግረንም። ስለዚህ ከማሩና ከቅጠሉ በፊት ቤተሰቡ ሊሠራቸው የሚገቡ ሁለት ነገሮች አሉ፤ ጭሱን ማስወጣትና ቀን መቁጠር። እነዚህን ሁለቱን የሚሠራ ቤት ግን ብዙ አላየሁም።

ማሩ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ይገባዋል። ምዕራቡ ወለጋ የማር አገር ነው። ቀፎው ከረዥም ዛፍ ላይ ይሰቀላል፤ ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው በአደይና በኑግ አበባ ቢጫ ሲለብስ ንቡ ይሠራል። የብሳና ማር አለ፣ የጌተም ነጭ ማር አለ፣ የቡና አበባ ማር አለ፣ ጠቆርና መረር የሚለው የግራዋ ማር አለ። ለመድኃኒት ሲሆን መራራውን የሚመርጡ ሰዎች ብዙ ናቸው። ጉሮሮን ለመሸፈን ግን ነጩም ጥቁሩም ያገለግላል። ማር ወፍራም ስለሆነ የተቆጣውን ጉሮሮ ይለብሰዋል፤ ጣፋጭነቱ ምራቅ ያመነጫል፤ ምራቁ ሲዋጥ መከርከሩ ረገብ ይላል። ዘመናዊው ሕክምና በዚህ ነገር ከአያቶቻችን ጋር ተስማምቷል። እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካ ውስጥ ፔንሲልቬኒያ ላይ 105 ልጆችን ይዞ የተሠራ ጥናት ከመኝታ በፊት ማር የቀመሱት ልጆች ምንም ካልተሰጣቸው የተሻለ ሌሊት እንዳሳለፉ አሳይቷል። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪዎችም እ.ኤ.አ. በ2018 ለተራ የጉንፋን ሳል ከአንቲባዮቲክ በፊት ማር ይሞከር ብለዋል። በፔንሲልቬኒያው ጥናት የተሰጠው መጠን ትንሽ ነበር፤ ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ላለ ልጅ ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ እስከ አሥራ አንድ ዓመት አንድ ማንኪያ፣ ከዚያ በላይ ላለ ሁለት ማንኪያ። እኛ ቤት እንደሚደረገው በትልቅ ማንኪያ መዛቅ ለሳሉ የሚጨምረው ነገር የለም፤ ስኳር ሕመም ላለበት ሰው ደግሞ ጉዳት ነው። ማር ሲቀዘቅዝ ቢረጋ ተበላሸ ወይም ስኳር ተቀላቀለበት ማለት አይደለም፤ ንጹሕ ማርም ይረጋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን በጥብቅ መነገር አለበት። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም፤ ጣት ነክሮ ማላስም ቢሆን። ማር ውስጥ የሚገኝ የአንድ ባክቴሪያ ዘር ገና ባልጠነከረ የሕፃን አንጀት ውስጥ ይፈለፈልና መርዝ ያመነጫል፤ ሕፃኑ ይዝላል፣ መጥባት ያቅተዋል፣ ትንፋሹም ሊቆም ይችላል። ማሩን ማፍላት ይህን ዘር አይገድለውም። ለጨቅላ ሕፃን ሳል ከእናት ጡት የተሻለ ማስታገሻ ቤት ውስጥ የለም፤ ቶሎ ቶሎ ማጥባት ነው። ለሕፃን ቅቤ ማዋጥም በየቤቱ አለ። ቅቤው በትንታ ወደ ሳንባ ሲገባ ራሱ የሳንባ ምች ያመጣል፤ ልጁን ለማዳን ተብሎ የተደረገው ነገር የባሰ ያሳምመዋል።

ወደ ቅጠሎቹ ልምጣ። ዳማከሴ በየጓሮው አለ፤ እንደሌላው አገር ሁሉ ወለጋም የምች መድኃኒት ነው። ቅጠሉ በእጅ ይታሻል፣ ይጨመቃል፣ ጭማቂው ቡና ላይ ጠብ ይደረጋል ወይም ይሸተታል። በአይጥ ላይ በተሠራ ጥናት ትኩሳት የማብረድ ጠባይ ታይቶበታል፤ ስለዚህ ጉንፋን ለያዘው አዋቂ ሰው ቀለል ቢለው አይገርምም። ጭማቂውን በሕፃን አፍንጫ ማንጠብጠብ ግን ትንታ ነው የሚያመጣው። ጤና አዳምም ከቡና ጋር ደስ የሚል ነገር ነው፤ ነፍሰ ጡር ሴት ግን በብዛት ልትወስደው አይገባም፤ ማሕፀንን ያነሣሣል። ጦስኝ ከሁሉም የሚበልጥ ማስረጃ ያለው ይመስለኛል። በቀዝቃዛ ተራራ ላይ የሚበቅል የእኛ ጦስኝ አውሮፓ ውስጥ ለሳል መድኃኒት የሚሠራበት ተክል ዘመድ ነው፤ እንደ ሻይ ተፈልቶ ለብ ሲል ከማር ጋር ቢጠጣ አክታ ላለው ሳል ይመቻል።

ዝንጅብል ደረት ያሞቃል፣ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ሳላቸው ከጨጓራ የሚነሣ ሰዎች አሉ። ራት በልተው ወዲያው ሲተኙ አሲዱ ወደ ጉሮሮ እየወጣ ያስላቸዋል፤ ጠዋት አፋቸው ይጎመዝዛል፣ ድምፃቸው ይጎረንናል። ለነዚህ ሰዎች ጥሬ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ማብዛት እሳት ላይ ጋዝ መጨመር ነው። ለእነሱ የሚበጀው ራትን በጊዜ መብላት፣ ትራስን ከፍ ማድረግና ቡና መቀነስ ነው፤ ቡና አገር ላደገ ሰው የመጨረሻው ከባድ ቢሆንም። ስለ ነጭ ሽንኩርት ሲነሣ የማይረሳኝ መጋቢት 2012 ነው። መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አዲስ አበባ ተገኘ ሲባል ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ሎሚ ከገበያ እየጠፉ ዋጋቸው ናረ። ያ ግርግር የፍርሃታችንን ያህል ነበር። ፍርሃቱን አልነቅፍም፤ ሌላ የሚጨበጥ ነገር በእጃችን አልነበረምና።

የባህር ዛፍ ቅጠል ፈልቶ፣ ብርድ ልብስ ተከናንበው እንፋሎቱን መታጠን ሌላው የታወቀ ነገር ነው። የታፈነ አፍንጫ ይከፍታል፤ ከዚያ ያለፈ ጥቅም የለውም። አደጋው ግን ትልቅ ነው። የፈላ ድስት ልጅ አጠገብ፣ ጨለማ ውስጥ፣ ብርድ ልብስ ሥር ተቀምጦ አስቡት። ሳል የያዘው ልጅ በሳሉ አይሞትም ነበር፤ ቃጠሎው ግን ዕድሜ ልክ ጠባሳ ይተዋል። ለልጅ ፈጽሞ አይደረግ። አዋቂም ቢሆን ድስቱን ከእሳት አውርዶ፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ ያለ ብርድ ልብስ ይሁን። ትንሽ ጨው በለብታ ውኃ በጥብጦ መጉመጥመጥ ጉሮሮን ያለ አደጋ ያስታግሣል። ውኃ፣ ሾርባ፣ አጥሚት በብዛት መጠጣትም አክታን ያቀጥናል።

አሁን ወደሚከብደኝ ነገር። የእድር ጓደኛቸው ያመጡት ቀበሪቾ ከሰል ላይ ተደርጎ ቤቱ ታጠነ። ሽታው ለኔም የልጅነቴ ሽታ ነው፤ አራስ ቤት፣ ዝናብ፣ የእናቶች ወሬ። አዳዳ ግን እየሳሉ ወደ በረንዳ ወጡ። የቆሰለ የአየር ቧንቧ ጭስ አይወድም፤ የተቀደሰ ጭስም ቢሆን፣ የመድኃኒት ጭስም ቢሆን። ኅዳር 12 ቀን በየዓመቱ ኅዳር ሲታጠን፣ ጠዋት ቆሻሻ ተጠርጎ እየተቃጠለ ከተማው በጭስ ሲሸፈን የማስበው ይህንኑ ነው። ያ ልማድ የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ትዝታ ነው፤ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አገራችን ገብቶ ሰው እንደ ቅጠል የረገፈበት ጊዜ።  ቆሻሻ ማጽዳቱ ጥሩ፤ አስም ያለበት ሰው ግን ያን ቀን ጠዋት በሩን ዘግቶ ይዋል።

የዓመቱ ሁሉ ጭስ ያለው ግን ማድቤት ነው። የአዳዳ ማድቤት ከጓሮ በኩል ነው፤ ጭቃ ቤት፣ አንዲት ዝቅ ያለች በር፣ ሦስት ጉልቻ፣ ላዩ ላይ ምጣድ። ክረምት ስለሆነ የባህር ዛፉ እንጨት እርጥብ ነው፤ ከመንደዱ በፊት ይጨሳል። እንጀራ የሚጋገርበት ቀን ገብቼ አጠገባቸው ለመቆም ሞከርኩ። አሥር ደቂቃ አልቻልኩም፤ ዓይኔ አነባ፣ ጉሮሮዬ ተዘጋ። እሳቸው ሁለት ሰዓት ሙሉ እዚያው ናቸው፤ በሳምንት ሁለቴ፣ ለአርባ ዓመት። ጣሪያው በጥቀርሻ ጠቁሮ ያብረቀርቃል። ያ ጣሪያ ላይ ያየሁት ነገር ሳንባቸው ውስጥም አለ ብዬ አሰብኩ። የዓለም ጤና ድርጅት ከቤት ውስጥ ጭስ ጋር በተያያዘ ሕመም በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ 3.2 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች እንደሞቱ ገምቷል። ለዚህ ጭስ ይበልጥ የሚጋለጡት እንደ አዳዳ ያሉ እናቶችና ጀርባቸው ላይ የሚታዘሉት ልጆች ናቸው።

በማግሥቱ አንድ አናጢ ጠርቼ ከምጣዱ በላይ፣ ከጣሪያው ሥር፣ በሁለት በኩል የክንድ ያህል መስኮት አስከፈትኩ። ዋጋው ከሁለት ጠርሙስ የሳል ሽሮፕ አይበልጥም ነበር። ምርጥ የሚባለው ከሲሚንቶ የሚሠራው የእንጀራ ምድጃም አለ፤ እሳቱን ስለሚከልል ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን ወደ ግማሽ ያወርዳል፣ ጭሱንም ይቀንሳል። እሱ እስኪመጣ እንጨቱን ከምድጃው አጠገብ ደርድሮ ማድረቅ፣ ልጅ አዝሎ አለመጋገር፣ ከሰል የሚጨስበት ክፍል ውስጥ አለመተኛት ይቻላል። ከሰል ቤት ዘግቶ ማደር ከሳልም ያለፈ ነገር ነው፤ ሰው ተኝቶ ይቀራል።

ሽሮፑን በአጭሩ ልለፈው። ለተራ ሳል የሚሸጡት ሽሮፖች ከማር ብልጫ እንዳላቸው ማስረጃው ደካማ ነው። ኮዴይን ያለበት ለልጅ አይሰጥም፤ የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2017 ከ12 ዓመት በታች ላሉ ከልክሎታል። እ.ኤ.አ. በ2022 ጋምቢያ ውስጥ በተበከለ ሽሮፕ ሰባ ያህል ሕፃናት ኩላሊታቸው ቆሞ ሞተዋል፤ ስለዚህ መለያው የተነሣ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ጠርሙስ ርካሽ ነው ተብሎ አይገዛ። አሞክሳሲሊን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ገዝቶ ሦስት ቀን ውጦ መተውም የተለመደ ሆኗል። ጉንፋን በቫይረስ ስለሚመጣ አንቲባዮቲክ አይነካውም፤ አክታው ቢጫ ወይም አረንጓዴ መሆኑ ብቻ ባክቴሪያ ነው አያሰኝም።

እንጥል ማስቆረጥ ግን በአጭሩ የሚታለፍ አይደለም። ልጁን ሳል አልለቅ ሲለው «እንጥሉ ወርዶ ነው» ይባልና በምላጭ ወይም በተጠመዘዘ ፀጉር ይቆረጣል። እንጥል ሳል አያመጣም። ሲቆረጥ ደሙ አልቆም ይላል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ በአንድ ምላጭ ከልጅ ወደ ልጅ በሽታ ይተላለፋል። ይህን የሚያደርጉ ወላጆች ልጃቸውን የሚወዱ ሰዎች ናቸው፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲስል የሰሙት ነው የሚያስጨንቃቸው። ስለዚህ የሚነገራቸው በቁጣ ሳይሆን ምን እንደሚደረግ አብሮ በማሳየት መሆን አለበት።

ምን ይደረግ ለሚለው ቀን መቁጠር ቀዳሚው ነው። ጉንፋን ያመጣው ሳል የሚቆየው ሰው ከሚገምተው በላይ ነው። ጥናቶች ሲደማመሩ አማካዩ 18 ቀን ገደማ ይሆናል፤ ሰዉ ግን በሳምንት ይለቀኛል ብሎ ይጠብቃል፤ በስምንተኛው ቀን ተጨንቆ ፋርማሲ የሚሮጠው ለዚህ ነው። በሌላ በኩል አገራችን የሳንባ ነቀርሳ ከበዛባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። ስለዚህ የጤና መመሪያችን ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል አክታው ይመርመር ይላል። ሁለቱ አይጋጩም፤ አሥራ አራተኛው ቀን የመደናገጫ ሳይሆን የመመርመሪያ ቀን ነው። ማታ የሚያልብ፣ የሚያከሳ፣ ደም የቀላቀለ ሳል ከሆነ ግን አሥራ አራት ቀንም አይጠበቅም።

እዚህ ላይ የሚያስቸግረው መድኃኒቱ አይደለም። የቲቢ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል፤ ለተለመደው ዓይነት ስድስት ወር ነው። የሚያስቸግረው ስሙ ነው። ሰው «ብርድ መትቶኝ ነው» እያለ ወራት ይቆያል፤ ልጅ መዳር አለ፣ ማኅበር አለ፣ አብሮ የሚበላ ጎረቤት አለ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ በዚህ በሽታ ላይ ደግሞ የደበቀው ሰው አብረውት የሚተኙትንም ያሲዛል። ወለጋ ውስጥ አንጮቴ ለቲቢም መድኃኒት ነው የሚሉ አሉ። አንጮቴ ለተሰበረ አጥንትና ለአራስ የሚቀርብ የተከበረ ምግባችን ነው፤ የከሳ ታማሚ ቢበላው እሰየው፤ ከክኒኑ ጋር እንጂ በክኒኑ ፋንታ አይሁን።

ለልጆች ቀን መቁጠር ብቻ አይበቃም፤ ትንፋሽም ይቆጠራል። ልጁ ሳያለቅስ፣ ልብሱን ገለጥ አድርጎ፣ የስልክ ሰዓት ይዞ ደረቱ ስንት ጊዜ እንደሚነሣ አንድ ደቂቃ ሙሉ መቁጠር ነው። ሁለት ወር ላልሞላው 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ ዓመት 50፣ ከዓመት እስከ አምስት ዓመት 40 ከሆነ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላልና ያኑ ቀን ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ደረቱ ከጎድኑ በታች ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ መጥባት ካቃተው ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ሌሊትም ቢሆን አይደር። ተከታትሎ እየሳለ መጨረሻ ላይ ትንፋሽ እየሳበ የሚያስመልሰው ከሆነ ትክትክ ሊሆን ይችላል፤ በስድስት፣ በአሥርና በአሥራ አራት ሳምንት የሚሰጠው ክትባት ከዚህ ይጠብቃል።

ባለፉት ዓመታት ጸጥታ በታወከባቸው የወለጋ ወረዳዎች ጤና ኬላ የተዘረፈባቸው፣ መንገድ የተዘጋባቸው፣ ተፈናቅለው ከተማ የገቡ ብዙ ቤተሰቦች አሉ። «ጤና ጣቢያ ውሰዱት» ማለት ለእነሱ ቀላል ቃል አይደለም። ትንፋሽ መቁጠር የምታውቅ እናት መቼ ማንኛውንም አደጋ ተጋፍጣ መንገድ እንደምትወጣና መቼ ቤቷ ብትቆይ እንደሚሻል የምትወስንበት ነገር በእጇ አለ ማለት ነው። ይህን እውቀት ከማር በላይ ማዳረስ ይገባን ነበር።

አዳዳ ዘንድ ልመለስ። መስኮቱ ከተከፈተ በኋላ በመጋገሪያ ቀን የሚብሰው ሳል ቀነሰ፤ የሌሊቱ ግን እንዳለ ነው። አክታ ቢመረመር ብለን ሄድን፤ አክታ ስላልነበራቸው ራጅ ተነሡ፣ ቲቢ የለም ተባለ። አንድ የግል ክሊኒክ አንቲባዮቲክ ጨመረላቸው፤ ምንም ለውጥ የለም። በመጨረሻ ሌላ ቦታ ያገኘናቸው ወጣት ሐኪም «አዴ፣ ቤት የሚወስዱት ክኒን አለ?» ብለው ጠየቁ። አዳዳ ከፌስታላቸው ውስጥ የደም ግፊት ክኒናቸውን አወጡ። ኤናላፕሪል ነበር፤ የጀመሩት ከአራት ወር በፊት ነው። ሐኪሙ ፓኬቱን ገልበጥ አድርገው አዩና ፈገግ አሉ። ይህ መድኃኒት ለግፊት ጥሩ ነው፤ ከሚወስዱት ሰዎች ከአሥሩ አንዱን ያህል ግን ደረቅ ሳል ያሲዛል። ማርም ዝንጅብልም የማይነካው ሳል ነው። ክኒኑን በራስ ፈቃድ ማቆም አደገኛ ስለሆነ በሌላ ዓይነት ቀየሩላቸው።

በሦስተኛው ሳምንት ሌሊት ነቅቼ አዳመጥኩ። ዝናቡ ብቻ ነበር። ጠዋት ማድቤት ስገባ አዳዳ ምጣዱን እያሰሱ ነበር፤ ጭሱ በአዲሱ መስኮት እየተጠቀለለ ይወጣል። ከጊምቢ የመጣው ማር ግማሹ አልቆ መደርደሪያው ላይ ረግቷል፤ ትኩስ እንጀራ ላይ ቀብተው ሰጡኝ።